በአሮጌ ያማሃ ሰነቴን ማቋረጥ

ከሐዋሳ እስከ ደሎ መና ያለውን መንገድ ብዙ ሰው በኪሎ ሜትር ይቆጥረዋል። አሮጌ ሞተር ሳይክል የሚነዳ ሰው ግን የሚቆጥረው በከፍታ ነው። ሐዋሳ ከባሕር ወለል በላይ 1700 ሜትር ገደማ ላይ ናት። መንገዱ ከሻሸመኔ በኮፈሌ በኩል ሽቅብ ይያያዝና ዶዶላንና አዳባን አልፎ ዲንሾ ላይ ከ3000 ሜትር በላይ ይወጣል። ሮቤና ጎባ ላይ ወረድ ይልና ከጎባ በኋላ ሰነቴ አምባን 4000 ሜትር ከፍታ ላይ ያቋርጣል። ከዚያ በሐረና ደን ውስጥ እየተጠማዘዘ ቆላ ይገባል። አዲስ ሞተር ይህን ሁሉ የአየር ለውጥ በኮምፒውተሩ እየለካ ቤንዚኑን ያስተካክላል። ካርቡሬተር ያለው አሮጌ ሞተር ግን ሐዋሳ ላይ በተስተካከለበት ልክ እስከ መጨረሻው ይሄዳል። ስለዚህ ማስታወሻዬ የሚጀምረው ከግቢዬ ነው፤ መንገድ ላይ የሚሆነው አብዛኛው ነገር እዚያ ተወስኖ ነው የሚወጣው።

ሐዋሳ፣ ግቢ ውስጥ

የእኔዋ ያማሃ ኤክስቲ 600 ኢ ናት። ይህ ሞዴል እ.ኤ.አ. ከ1990 እስከ 2003 ተመርቷል፤ ዘሩ ግን የሚመዘዘው በ1976 ከወጣው ኤክስቲ 500 ነው። የመጀመሪያውን የፓሪስ ዳካር ውድድር በ1979 ያሸነፈው ፈረንሳዊው ሲሪል ኔቮ በዚያ ኤክስቲ 500 ላይ ነበር። በ1983 ደግሞ 30 ሊትር ቤንዚን የሚይዝ ሰልባትዮ የተሸከመው ቴኔሬ ለገበያ ቀረበ። ከዚህ ሁሉ ለእኔ የተረፈኝ ጥቅም አንድ ነው፦ አንድ ሲሊንደር፣ በነፋስ የሚቀዘቅዝ፣ ራዲያተር የሌለው፣ በቁልፍና በካቻቢቴ ተፈትቶ የሚገጠም ሞተር። እንዲህ ያለውን ሞተር አንድ ሰው ከጫፍ እስከ ጫፍ ሊያውቀው ይችላል፤ ይህ ዕድል ዛሬ በሚሸጡት ማሽኖች ላይ እየጠፋ በመሄዱ አዝናለሁ።

ሥራዬን በቫልቮላ እጀምራለሁ። ቫልቮላ የሚለካው ሞተሩ ሌሊቱን አድሮ ፈጽሞ ሲቀዘቅዝ ስለሆነ ጠዋት ከቁርስ በፊት ነው የምፈታው። ኮርቻውንና ሰልባትዮውን አወርድና ቴስታታው ላይ ያሉትን ክዳኖች እከፍታለሁ። በግራ በኩል ደግሞ ሞተሩን በእጅ ለማዞር የሚያስችለውን ክዳንና ምልክቱ የሚታይበትን ትንሿን መስኮት እከፍታለሁ። በቁልፍ ቀስ እያልኩ ወደ ግራ አዞራለሁ፤ በመስኮቷ ውስጥ «ቲ» የተጻፈበት መስመር ከጠቋሚው ጋር ሲገጥም አቆማለሁ። በዚህ ጊዜ አራቱም ሮከሮች በጣት ሲነቀነቁ ትንሽ ጨዋታ ሊኖራቸው ይገባል። ተወጥረው ከተገኙ ፒስተኑ ጫፍ ላይ ደርሷል፣ ነገር ግን በተሳሳተው ምት ነው፤ አንድ ሙሉ ዙር መጨመር ነው።

የዚህ ሞተር ልክ በአየር ማስገቢያው በኩል ከ0.05 እስከ 0.10፣ በጭስ ማውጫው በኩል ከ0.12 እስከ 0.17 ሚሊ ሜትር ነው። የፊለር ጌጁ ምላጭ ሲሳብ ሳይጣበቅ፣ ሳይንሸራተትም፣ ጣትን ትንሽ እየያዘ መውጣት አለበት። ሁለቱ ማስገቢያዎች ልክ ናቸው። የግራው ማውጫም ልክ ነው። የቀኙ ማውጫ ላይ 0.12 ምላጭ አልገባም አለ፤ 0.10ም በግድ ነው የሄደው። ደግሜ ለካሁት፣ ያው ነው።

የጭስ ማውጫ ቫልቮላ እሳት እየላሰው ሲኖር መቀመጫው ይበላል፤ መቀመጫው በተበላ ቁጥር ቫልቮላው ሽቅብ ይገባና ክፍተቱን ያጠባል። የላላ ቫልቮላ ጠቅ ጠቅ እያለ ራሱን ይናገራል፤ ጎረቤት ሳይቀር ይሰማዋል። የጠበቀው ድምፅ የለውም። ብዙ ባለሞተሮች ሞተሩ ጸጥ አለ ብለው የሚደሰቱት ቫልቮላው ሙሉ በሙሉ መዘጋት ባቃተው ሰዓት ነው። ሞተሩ ሲግል ያልተዘጋው ከንፈር እሳት ያሾልካል፣ ከንፈሩ ይቃጠላል፣ በመጨረሻ ቴስታታው ይወርዳል። ይህ ሁሉ ወጪ የሚድነው ከሁለት ሰው ጠጉር በማይበልጥ ክፍተት ነው። ዳዶውን ፈትቼ ልኩን ወደ 0.15 መለስኩት። ዳዶው ሲጠብቅ ብሎኑን ይዞት ይዞራልና በካቻቢቴ ጠፍሬ ያዝኩት፤ ካጠበቅኩ በኋላም እንደገና ለካሁ። ካጠበቀ በኋላ ደግሞ ያልለካ ሰው አልለካም ማለት ነው።

ዘይቱ የራሱ ጠባይ አለው። በዚህ ሞተር ዘይቱ የሚቀመጠው ከሥር በካርተሩ ውስጥ ሳይሆን ከካርተሩ ውጭ ባለ ማጠራቀሚያ ውስጥ ነው። ሞተሩ ብዙ ቀን ሲቆም ዘይቱ ቀስ እያለ ወደ ካርተሩ ይሰርጋል። በዚያ ሰዓት የዘይት መለኪያውን አውጥቶ ያየ ሰው ዘይት ጎደለ ብሎ ይጨምራል፤ ሞተሩ ሲነሣ የሰረገው ይመለስና ትርፉ በመተንፈሻው ወጥቶ የአየር ፊልትሮውን ያጨማልቃል። የሚለካው ሞተሩ ሞቆ፣ ጥቂት ሠርቶ፣ ጠፍቶ፣ ጥቂት ደቂቃ ሲቆይ ነው።

ካርቡሬተሩን ከቴስታታው ጋር የሚያገናኘው ጎማ በሙቀት ብዛት ይደርቅና ይሰነጠቃል። ሞተሩ ቆሞ ሲሠራ አንዴ ከፍ አንዴ ዝቅ ካለ ብዙ ሰው ካርቡሬተሩን ይጠረጥራል፤ እኔ ግን መጀመሪያ ጎማውን አጥፌ በመብራት አየዋለሁ። በውጭው ቆዳ ላይ ያለ ቀጭን ስንጥቅ አያስፈራም፤ እስከ ውስጥ የዘለቀው ነው አየር የሚሰርቀው። ከውጭ ብቻ ነበር፣ ተውኩት። ስፖንጁን ፊልትሮ በነጭ ጋዝ አጥቤ፣ በሳሙና ውኃ ደግሜ፣ ጥላ ውስጥ አድርቄ ዘይት አጠጣሁት። በቤንዚን የሚያጥቡ አሉ፤ ስፖንጁን ያበላሸዋል፣ ለእጅም ለቤትም አደጋ ነው።

ስለ መለዋወጫ ብዙ ይጠይቁኛል። ጓርኒሲዮንና የካርቡሬተር ክፍሎች የእኅቴ ልጅ ከፍራንክፈርት ሲመጣ በሻንጣው ይዞልኝ ይመጣል፤ ጀርመን ውስጥ ኤክስቲ እጅግ የተወደደ ሞተር ስለነበር ዕቃው እስከ ዛሬ አይጠፋም። ኩሽኔታ ግን ከውጭ ማስመጣት አያስፈልግም። የኩሽኔታ ፊት ላይ የተቀረጸው ቁጥር በዓለም ሁሉ አንድ ነው። 6203 የሚል ካለ የውስጡ ቀዳዳ 17፣ የውጩ ስፋት 40፣ ውፍረቱ 12 ሚሊ ሜትር ነው፤ የውኃ ፓምፕም ይሁን የሞተር ሳይክል፣ ያው ኩሽኔታ ነው። ፓራኦሊዮም እንዲሁ በሦስት ቁጥር ይገዛል፦ የውስጥ፣ የውጭ፣ ውፍረት። አሮጌውን ይዞ የያማሃ አላችሁ ወይ ብሎ ከመዞር ቁጥሩን አንብቦ ኩሽኔታ ቤት መሄድ ይሻላል።

ካቴናውን አጥቤ ልኩን አስተካከልኩ፤ ኮሮናውና ፒኞኑ ጥርሳቸው ገና አልተቆለመመም። ራጂዎቹን በቁልፍ እየነካሁ ድምፃቸውን ሰማሁ፣ የደነዘዘውን አጠበቅኩ። አዲስ የፍሪሲዮን ፊሎ በአሮጌው ጎን አስተኝቼ አሰርኩት፤ አሮጌው ቢበጠስ ሁለቱን ጫፍ ማዛወር ብቻ ይቀረኛል።

ዶዶላ

የመኸር ሰዓት ነው። ከኮፈሌ ወዲህ ገብስና ስንዴ ሜዳውን ሞልቶታል፤ ኮምባይነሮቹ ከማሳ ማሳ ሲዛወሩ አስፋልቱን ሞልተው ይሄዳሉ። የሚያስነሡት ገለባ ደቃቅ ነውና በአየር ማስገቢያው ገብቶ ፊልትሮው ላይ ይለጠፋል። በፈረስ ገበያ የሚሄዱ አባቶች ሲያጋጥሙ ነዳጅ እቀንሳለሁ፤ የአንድ ሲሊንደር ድምፅ ፈረስ ያስደነግጣል። ዶዶላ ሻይ ስጠጣ ክዳኑን ከፍቼ አየሁ። ዘይት የጠጣው ስፖንጅ ገለባውን ከላይ ይዞታል፣ ከውስጥ በኩል ንጹሕ ነው።

ሮቤ

የአንድ ሲሊንደር ሞተር ትልቁ ጠላት የራሱ ንዝረት ነው። አንድ ትልቅ ፒስተን ሲወጣና ሲወርድ የሚመጣጠነው ጓደኛ የለውም። ማመጣጠኛ ክብደት ቢገጠምለትም የሚተርፈው ንዝረት ቡሎን ያላላል፣ ብረት ያደክማል። ሮቤ ስገባ የኋላው ዕቃ መጫኛ በአንድ ጎኑ ዝቅ ብሏል። መጫኛው ሻንሲው ላይ የሚያዝበት ጆሮ ሥሩ ላይ ተሰንጥቋል።

ባጃጅ የሚጠግኑበት ጋራዥ ገባሁ። በያጁ ወጣት ነው፤ ጎንበስ ብሎ ስንጥቁን በጥፍሩ ተከተለው።

«ጋሼ፣ እንዲሁ ከላይ ብበይደው ነገ እዚያው አጠገቡ ይሰነጠቃል» አለኝ።

«ታዲያ ምን ይሻላል?»

«ጫፉን በስቼ ላቁመው፣ ከዚያ ከሥሩ ላሜራ እደግፍለታለሁ።»

ይህን ሲል ሥራውን እንደሚያውቅ ገባኝ። ስንጥቅ የሚሄደው ጫፉ ስለት ስለሆነ ነው፤ ጫፉ ላይ ትንሽ ቀዳዳ ሲበሳ ጉልበቱ በቀዳዳው ዙሪያ ይከፋፈልና ይቆማል። እኔ በበኩሌ የባትሪውን ሁለቱንም ገመድ ነቀልኩ፤ ሲዲአዩንም ከሶኬቱ አወጣሁት። የብየዳ ኤሌክትሪክ በሽቦዎቹ ካለፈ ይህች ትንሽ ሳጥን በቅጽበት ትሞታለች፤ ከሞተች ደግሞ ካንዴላው እሳት አያገኝም፣ ሞተሩም የትም አይሄድም። የብየዳውን ማሰሪያ ራቅ አድርጎ ሞተሩ ላይ ሊቆነጥጠው ሲል ከሚበየደው ጆሮ አጠገብ እንዲያደርገው ለመንኩት። ኤሌክትሪኩ አጭሩን መንገድ ይሂድ፤ በኩሽኔታዎቹ ውስጥ ካለፈ ኳሶቹን ይነክሳቸዋል።

ቀለሙን እስከ ነጩ ብረት ፍቆ፣ ቀዳዳውን በስቶ፣ በያንዳንዱ ምት መካከል እያቀዘቀዘ በየደው። ቸኩሎ ቢሆን ቀጭኑ የሻንሲ ቱቦ ይቀልጥ ነበር። እንዲህ ያለ እጅ በየከተማው አለን፤ ስሙ በምልክት ሰሌዳ ላይ የማይጻፍ፣ ግን መንገደኛን ሁሉ የሚያሳልፍ።

ሰነቴ

ጎባ ላይ በማደያ ቤንዚን አልነበረም። ከመንገድ ዳር በሃይላንድ ጠርሙስ የሚሸጠውን ጥቂት ሊትር ገዝቼ ጨመርኩና ወጣሁ። ከጎባ በላይ አስታው በግራና በቀኝ ይከባል፣ ቀጥሎ ዛፉ ሁሉ ያልቅና ጅብራ ብቻ እዚህም እዚያም ቆሞ ይታያል። ጠዋት ነው፣ ሣሩ ላይ ውርጭ አለ።

4000 ሜትር ላይ የአየሩ ግፊት በባሕር ወለል ላይ ካለው ወደ 60 በመቶ ገደማ ይወርዳል። ካርቡሬተሩ ግን ይህን አያውቅም፤ ጂግለሩ የሚያሳልፈው ቤንዚን ከአየሩ ጋር ሲተያይ ይበዛል። ሞተሩ መጀመሪያ ላይ ይከብዳል፤ ጋዝ ሲሰጡት ቀድሞ እንደመታፈን ይልና ነው የሚነሣው። ቆሞ ሲሠራ ይወርዳል፣ ሊጠፋ ይዳዳዋል። ካንዴላውን አውጥቼ አየሁ፤ ሐዋሳ ላይ የቡና ገለፈት ቀለም የነበረው ጫፍ ደረቅ ጥቁር ጥላሸት ለብሷል።

እዚህ ላይ ከብዙ ሰው ጋር አልስማማም። ከፍታ ላይ የሚወጣ ሁሉ ጂግለሩን ባነሰ ቁጥር ይቀይር የሚሉ አሉ። ዲንሾ ወይም ጎባ ለሚኖር ሰው ልክ ነው፣ ይቀይር። ለሚያቋርጥ ሰው ግን አይሆንም። ቤንዚን የበዛበት ሞተር ጉልበት ያጣል፣ ካንዴላ ያጠቁራል፣ ከዚህ ብዙም አያልፍም። ለሰነቴ በተለካ ትንሽ ጂግለር ቆላ የሚወርድ ሞተር ግን ቤንዚን ያንሰዋል፣ ከልክ በላይ ይግላል፣ ቫልቮላና ፒስተን ያቃጥላል። ከሁለቱ ጥፋት አንዱ በብሩሽ ይጸዳል፤ ሌላው ቴስታታ ያስወርዳል። ስለዚህ ጂግለሩን አልነካሁም። ቆሞ የሚሠራበትን ልክ በማስተካከያዋ ብሎን ትንሽ ከፍ አደረግኩ፣ ካንዴላውን በሽቦ ብሩሽ ጠርጌ መለስኩ፣ ማርሽ ዝቅ አድርጌ ጋዙን ሳልጨፈልቅ ሄድኩ። ሐዋሳ ላይ የታጠበው ፊልትሮ ዋጋውን የከፈለኝ እዚህ ነው፤ አየር በጠፋበት ቦታ በቆሻሻ የታፈነ ፊልትሮ ቢጨመርበት ዳገቱን አልወጣም ነበር።

የቱሉ ዲምቱ ጫፍ፣ 4377 ሜትር፣ ወደ ጎን ይታያል። ሞተሩን አጥፍቼ ስቆም ፍልፈሎች ከጉድጓዳቸው አንገታቸውን ብቅ ያደርጋሉ፤ አንድ ቀይ ቀበሮ ከእነሱ ወዲያ ጆሮውን አቁሞ ያደፍጣል። በዓለም ላይ የቀሩት ቀይ ቀበሮዎች ከ500 አይበልጡም ይባላል፤ ከግማሽ በላይ የሚሆኑት የሚኖሩት በዚሁ በባሌ ነው። የባሌ ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ በመስከረም 2016 ዓ.ም. በዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል። እዚህ ዘይት የሚያንጠባጥብ ሞተር ይዞ መምጣት ነውር ነው። ከሥር ተንበርክኬ የዘይት መድፊያውን ቡሎን በጨርቅ ጠረግኩት፤ ደረቅ ነበር።

ሐረና

ከአምባው ጫፍ መንገዱ ወደ ደመና ውስጥ ይወድቃል። ቁልቁለቱን በማርሽ ነው የያዝኩት፤ ፍሬን ለመጠምዘዣዎቹ ብቻ። በየሺው ሜትር ሞተሩ ነፍስ ሲዘራ ይሰማል፤ ሪራ ስደርስ ማስተካከያዋን ብሎን ወደ ቦታዋ መለስኳት። ዛፎቹ ሽበት በመሰለ ሐረግ ተሸፍነዋል፣ ቀፎዎች ከላይ ተሰቅለዋል፣ ከሥር ጫካ ቡና።

ከሪራ ትንሽ ወረድ ብሎ ቤንዚኑ አለቀና ቧንቧውን ወደ ሪዘርቭ አዞርኩ። ጥቂት እንደሄድኩ ሞተሩ ማንጠልጠል ጀመረ፤ ይሠራል፣ ይጠፋል፣ እንደገና ይይዛል። ካንዴላ ቢሆን እንዲህ በድንገት ቧንቧ ከዞረ በኋላ አይመጣም። ሪዘርቭ የሚቀዳው ከሰልባትዮው ወለል ነው፤ ወለሉ ላይ የሚተኛው ደግሞ ከቤንዚን የሚከብደው ውኃ ነው።

መንገድ ዳር ማር የሚሸጡ አንድ አባት ነበሩ። ሞተሩ እስኪቀዘቅዝ ከጎናቸው ተቀመጥኩ፤ ትኩስ ማርሚታ አጠገብ ቤንዚን አይቀዳም። ከዚያ ቧንቧውን ዘግቼ፣ በግማሽ የተቆረጠ ሃይላንድ ከካርቡሬተሩ ሥር ይዤ፣ የማንጠፈፊያዋን ብሎን አላላሁ። ይህ ሞተር ሁለት ካርቡሬተር ጎን ለጎን ስላለው ሁለቱንም አንጠፈፍኩ። ፕላስቲኩን ወደ ብርሃን አነሣሁት። ከላይ ገርጣ ያለ ቢጫ ቤንዚን፣ ከሥሩ እንደ ዶቃ ክብ ክብ ብለው የተሰበሰቡ ጥርት ያሉ የውኃ ጠብታዎች፤ ሲነቀነቁ ይንከባለላሉ እንጂ አይደባለቁም።

«ልጄ፣ ምን አገኘህ?» አሉኝ።

«ውኃ ነው አባቴ። ቤንዚኑ ውስጥ ገብቶ ኖሯል።»

ፕላስቲኩን ተቀብለው ራሳቸው እያጋደሉ አዩት። ማርም ሲሸጡ የተቀላቀለበትን እንዲሁ በብርሃን እንደሚለዩት ነገሩኝ። የሰልባትዮውን ቱቦ ነቅዬ ከወለሉ ያለውን እስኪጠራ ድረስ ቀዳሁ፤ ውኃውን ለይቼ ቤንዚኑን በተጣጠፈ የጥጥ ጨርቅ አጥልዬ መለስኩት። ሞተሩ ወዲያው ያዘ፤ ድምፁም ተስተካከለ። የቀዳሁትን ውኃ መሬት ላይ አልደፋሁትም፤ ቤንዚን የሸተተ ነገር በዚህ ደን አፈር ላይ አይፈስም ብዬ ክዳን ባለው ጠርሙስ ይዤው ወረድኩ።

ደሎ መና

ቆላው ሞቃት ነው። ያረፍኩበት ግቢ ውስጥ የሚኖር አንድ የግብርና ባለሙያ ያማሃዋን ከብቦ ሲያያት ቆየ። የእሱ ህንድ ሠራሽ 150 ናት፤ በእሷ ቀበሌ ለቀበሌ ይዞራል።

«ጋሼ፣ የእኔዋ ጠዋት በአንድ ምት ትነሣለች። ቀን ላይ ግን ከገበሬ ቤት ስወጣ እንቢ ትላለች። ካንዴላ ቀየርኩ፣ ካርቡሬተር አሳጠብኩ፣ ያው ናት።»

«ሲሞቅ ብቻ ነው?»

«ሲሞቅ ብቻ።»

«ቫልቮላው ይንኳኳል?»

«ኧረ ጭራሽ! ከገዛኋት ጊዜ ይልቅ አሁን ነው ጸጥ ያለችው።»

ተለክቶ ያውቅ እንደሆነ ጠየቅኩት። ከተገዛ ጀምሮ አልተከፈተም። አሁኑኑ እንክፈተው አለ፤ ቁልፍም ሊያመጣ ተነሣ። ሞተሩ ገና ትኩስ ነበርና አስቆምኩት። ትኩስ ብረት የሚሰጠው ልክ ውሸት ነው፤ ሌሊቱን ይደር፣ ጠዋት ወደ ሥራ ሳይወጣ በፊት እንለካዋለን ተባባልን። ፊለር ጌጁ ከእኔ ነው። እሱ እስከዚያ ከሞተሯ ጋር የተሰጠውን መመሪያ መጽሐፍ ፈልጎ ማግኘት አለበት፤ የያማሃ ልክ ለእሷ አይሆንምና።